«ማን አደረገው?» ሲባል ቀድሞ የሚጠራው ስም

ኖቬምበር 9 ቀን 2005 ማታ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በአማን፣ በራዲሰን ሆቴል አዳራሽ ሠርግ ነበር። ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት፣ እንግዳ መስሎ የገባ ሰው ከልብሱ ሥር የታጠቀውን ፈንጂ አፈነዳው። የሙሽራው አባትም የሙሽሪት አባትም ሞቱ። በዚያው ምሽት ግራንድ ሃያትና ዴይስ ኢን የተባሉት ሆቴሎች ተመትተው፣ በሦስቱ ቦታ በድምሩ ከሃምሳ በላይ ሰው አለቀ። የእስልምናን አነሣሥ በሲኒማ ያሳየው «ዘ ሜሴጅ» የተባለው ፊልም ዳይሬክተር ሙስጠፋ አካድም ከነሴት ልጁ ከሟቾቹ አንዱ ነበር። ጥቃቱን ያዘዘው ደግሞ የሩቅ ሰው አልነበረም። አቡ ሙሳብ አል ዛርቃዊ የተወለደው ከአማን ብዙም በማትርቀው በዛርቃ ከተማ ነው።

ሠርጉ ወደ ለቅሶ ከመለወጡ ስድስት ወር ገደማ አስቀድሞ፣ ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል ዮርዳኖሳውያንን አንድ ነገር ጠይቆ ነበር። እስልምናን ከጠላት ለመከላከል ሲባል በሰላማዊ ሰዎች ላይ የሚፈጸም የአጥፍቶ ጠፊ ጥቃት ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ ወይ? ከመቶው 57ቱ «ብዙ ጊዜ አለ» ወይም «አንዳንዴ አለ» ብለው መለሱ። በዓመቱ ጥያቄው ሲደገም ቁጥሩ 29 ሆኖ ተገኘ። በኦሳማ ቢን ላደን እምነት አለን የሚሉትም ከ60 ወደ 24 ወረዱ። የሰው አገር ፈንጂ እንደ ዜና ይሰማል፤ ደጃፍ ላይ ሲፈነዳ ግን የሚለቀመው የገዛ ወገን ሬሳ ነው።

በዚያው መጠይቅ ውስጥ ሌላም ጥያቄ ነበረ። ስለ አይሁዳውያን ያላችሁ አመለካከት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? በ2005 «ጥሩ ነው» ያለው ዮርዳኖሳዊ አንድ በመቶ እንኳ አልሞላም። በቀጣዩም ዓመት ቁጥሩ ከወለል አልተነሣም። ሕዝቡ የሌላውን ሃይማኖት ሰው ሁሉ ስለሚጠላ ነው እንዳይባል፣ ከመቶ ዮርዳኖሳውያን 58ቱ ስለ ክርስቲያኖች ጥሩ አመለካከት እንዳላቸው ተናግረዋል። የአማንን ሆቴሎች አይሁዳዊ አላፈነዳቸውም። ያፈነዱት ራሳቸውን ሙጃሂድ ብለው የሚጠሩ ሰዎች ናቸው፤ ሕዝቡም ይህን ተረድቶ ፊቱን አዞረባቸው። ስለ አይሁዳውያን የነበረው ግን እዚያው ቀረ።

የጋዜጣ ዓምዶች እነዚህን ሁለት ነገሮች አብረው ያስሯቸዋል፦ ሽብርን የሚደግፍ ሕዝብ አይሁድን ይጠላል፣ አይሁድን የሚጠላም ሽብርን ይደግፋል ይባላል። የአማን ቁጥሮች ግን ሁለቱ አስተያየቶች በአንድ ሰው ልብ ቢያድሩም ሥራቸው ለየቅል መሆኑን ያሳያሉ። አንዱን የደረሰ መከራ ይነቅለዋል። ሁለተኛው ለመብቀል ምንም ዓይነት መከራ አልጠየቀም፤ ስለዚህ መከራም አይነቅለውም።

ሞሮኮም ተመሳሳይ ምስክር ናት። ሜይ 16 ቀን 2003፣ ዓርብ ማታ፣ ሲዲ ሙመን ከሚባለው የካዛብላንካ የድሆች ሰፈር የወጡ አሥራ ሁለት ወጣቶች ከተማዋን በፈንጂ መቷት። ከዒላማዎቻቸው መካከል የአይሁድ ማኅበረሰብ ክበብ፣ የአይሁድ መቃብርና ንብረትነቱ የአይሁዳዊ የሆነ ምግብ ቤት ይገኙበታል። ሰንበት ገብቶ ስለነበር ክበቡ ባዶ ነበር። መቃብሩን ሊያፈርስ የሄደው ደግሞ ቦታው ጠፍቶት መንገድ ላይ ፈነዳና አላፊ አግዳሚ ሙስሊሞችን ገደለ። ከአጥፍቶ ጠፊዎቹ ሌላ የሞቱት 33 ሰዎች ሲሆኑ አብዛኞቹ ሞሮኳውያን ሙስሊሞች ናቸው። በ2004 ከመቶ ሞሮኳውያን 40ው አጥፍቶ መጥፋት ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ ብለው ነበር፤ በ2005 ይህን የሚሉት 13 ብቻ ሆኑ። ስለ አይሁዳውያን ጥሩ አመለካከት ያላቸው ግን 8 ነበሩ። በ1948 ሩብ ሚሊዮን ያህል አይሁዳውያን በየመዲናው፣ በየገበያው አብረው ይኖሩባት በነበረች አገር ነው ይህ የሆነው።

የሽብር መንሥኤ ምንድን ነው ሲባልስ? እዚህ ላይ ሕዝብ የሚመልሰው ከራሱ ደጅ ተነሥቶ ነው። በዚያው በ2005ቱ ጥናት ስለ እስላማዊ አክራሪነት መንሥኤ ሲጠየቁ ሞሮኳውያን ድህነትንና ሥራ ማጣትን አስቀደሙ፤ ሲዲ ሙመንን ያየ ሰው ሌላ ምን ሊል ይችላል? በሌሎች አገሮች የትምህርት እጦትን የጠቆሙም ነበሩ። በዮርዳኖስና በሊባኖስ ብዙ ድምፅ ያገኘው የአሜሪካ ፖሊሲ ነው። የኢራቅ ጦርነት በጎረቤት እየነደደ ነበርና ይህም አያስገርምም። ኢትዮጵያውያንም የተለዩ አይደሉም። በኤፕሪል 2015 አይ ኤስ በሊቢያ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲያርድ የሚያሳየው ቪዲዮ ሲወጣ፣ የሁለት ሟቾች ቤተሰብ በሚኖርበት በአዲስ አበባው ቂርቆስ ሰፈር ለቅሶ ላይ የተቀመጠው ሰው ስለ ገዳዮቹ ብቻ አልነበረም የሚያወራው። ልጆቹን ከአገር ያስወጣቸው ምንድን ነው የሚለውም አብሮ ይነሣ ነበር። ሥራ አጥነት፣ ደላላ፣ የባሕሩ መንገድ።

ድህነት ሽብርን ይወልዳል የሚለው መልስ ከሁሉም ይልቅ ደግነት አለበት፤ ለዚህም ይመስላል መሪዎች የሚወዱት። ፕሬዚዳንት ቡሽ በማርች 2002 በሜክሲኮዋ ሞንቴሬይ ስለ ልማት እርዳታ ሲናገሩ ድህነትን መዋጋትን ከሽብር መከላከል ጋር አያይዘውት ነበር። በዓመቱ አለን ክሩገርና ዪትካ ማሌችኮቫ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ግን ይህን ደግ መልስ አወከው። የሞቱ 129 የሒዝቦላህ ተዋጊዎችን የሕይወት ታሪክ ከሊባኖስ ሕዝብ ጋር አስተያይተው፣ ተዋጊዎቹ ከአገራቸው ሰው ይልቅ ትንሽ የተሻለ ኑሮና የተሻለ ትምህርት የነበራቸው ሆነው አገኟቸው። የሴፕቴምበር 11 ጠላፊዎች አለቃ መሐመድ አታ ሃምቡርግ የከተማ ፕላን ያጠና ሰው ነው። በገና ቀን 2009 በዲትሮይት ሰማይ ላይ አውሮፕላን ሊያፈነዳ የሞከረው ናይጄሪያዊ ወጣት የሀብታም ባለባንክ ልጅ ነበር። በ1994 በኬብሮን መስጊድ ውስጥ ሲሰግዱ የነበሩ 29 ፍልስጤማውያንን የገደለው አይሁዳዊው ባሩክ ጎልድስታይን ደግሞ ሐኪም ነበር። እንግዲህ ሲዲ ሙመን አንድ እውነት ነው፤ ሃምቡርግም ሌላ እውነት ነው። ድህነትን ማጥፋት ለራሱ ለድሀው ሲባል ይገባል። ሽብር ይቀንሳል ተብሎ ቃል ከተገባበት ግን፣ ቃሉ ሲፈርስ ልማቱም አብሮ ይታማል።

ሽብር የሚለው ስም ራሱ ሲሰጥ ሚዛን ያጋድላል። በዲሴምበር 2001 አንድ የፍልስጤም የጥናት ማዕከል በዌስት ባንክና በጋዛ ባደረገው መጠይቅ፣ በዚያው ዓመት ቴል አቪቭ ውስጥ ዶልፊናሪየም በተባለ የጭፈራ ቤት ደጃፍ 21 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ገና ወጣቶች፣ የተገደሉበት ጥቃት ሽብር ነው ይባል እንደሆነ ጠይቆ ነበር። ከመቶው 82ቱ አይባልም አሉ። የጎልድስታይንን መቃብር ለዓመታት እንደ ጀግና መቃብር ሲሳለሙ የኖሩ አክራሪ እስራኤላውያንም በበኩላቸው ሌላ ስም አላቸው። ሰው የራሱን ወገን ነፍሰ ገዳይ «ሽብርተኛ» ብሎ ሲጠራ ማየት ብርቅ ነው፤ ስለዚህ የአማን ሰዎች በ2006 የሰጡት መልስ ሲነበብ ይህ አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

ወደ ሴፕቴምበር 11 ሲመጣ ነገሩ ይባባሳል። በ2008 በ17 አገሮች ከ16 ሺህ በላይ ሰዎች፣ ከጥቃቱ ጀርባ ማን እንደነበረ በራሳቸው አንደበት እንዲናገሩ ተጠይቀው ነበር። አልቃይዳ ያሉት በአማካይ ከመቶ 46 ብቻ ናቸው። 15ቱ የአሜሪካ መንግሥት ነው አሉ፤ 7ቱ እስራኤል ናት አሉ። አማካዩ ግን ልዩነቱን ይሸፍነዋል። በግብፅ እስራኤልን የጠሩት 43፣ በዮርዳኖስ 31 ነበሩ። የዮርዳኖሱ ቁጥር ሠርጉ ከተመታ ከሦስት ዓመት በኋላ የተሰበሰበ መሆኑ ሊሠመርበት ይገባል። አልቃይዳ ራሱ አማንን መምታቱን ያወቀ ሰው፣ ኒው ዮርክን ግን እስራኤል መታችው ሊል ይችላል ማለት ነው። በ1998 በናይሮቢ የአሜሪካ ኤምባሲ ፍንዳታ ከሁለት መቶ በላይ ሰው የሞተባት ኬንያ ግን ከመቶ 77ቱን ይዛ አልቃይዳ አለች።

እስራኤል የሚለው መልስ ከየት መጣ? መንገዱን ተከትሎ መሄድ ይቻላል፤ ብዙ ሐሜት እንዲህ አያስከትልም። ጥቃቱ በደረሰ ማግስት ጀሩሳሌም ፖስት ጋዜጣ፣ በጥቃቱ ሰዓት በመንትዮቹ ሕንፃዎችና በፔንታጎን አካባቢ ሳይኖሩ አይቀሩም የተባሉ የአራት ሺህ እስራኤላውያን ስም ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መድረሱን ዘገበ። ስሙን ያስመዘገቡት የጨነቃቸው ዘመዶች ናቸው፤ ልጄ ኒው ዮርክ ነው፣ እህቴ አልደወለችም የሚሉ። በሴፕቴምበር 17 የሒዝቦላህ ቴሌቪዥን አል መናር ያንኑ አራት ሺህ ይዞ ሌላ ታሪክ አወጣ፦ በዚያ ቀን አራት ሺህ አይሁዳውያን ወደ ሥራ አልገቡም፣ አስቀድሞ ተነግሯቸው ነበር። ሰው ፍለጋ የተመዘገበ ስም በአምስት ቀን ውስጥ የክስ ማስረጃ ሆነ። ከሦስት ሺህ ገደማ ሟቾች ውስጥ አይሁዳውያን ከአሥር አንዱን ያህል ወይም ከዚያ በላይ እንደነበሩ ይገመታል፤ ከሟቾቹ አምስቱ ደግሞ የእስራኤል ዜጎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ዳንኤል ሌዊን በመጀመሪያው አውሮፕላን ላይ ከጠላፊዎቹ አጠገብ ተቀምጦ የነበረ ሲሆን፣ የዚያ ቀን የመጀመሪያው ሟች ምናልባት እሱ ሳይሆን አይቀርም ይባላል።

ሐሜቱ በአምስት ቀን የበሰለው ምድጃው አስቀድሞ ስለነደደ ነው። በ1903 ሩሲያ ውስጥ በጋዜጣ የወጣው «የጽዮን ሽማግሌዎች ቃለ ጉባኤ» የሚባለው ሰነድ፣ አይሁዳውያን ዓለምን ለመግዛት ያሴሩበት ምስጢራዊ ስብሰባ ቃል ነው ተብሎ ተሰራጨ። በ1921 የለንደኑ ታይምስ ሰነዱ ፈረንሳዊው ሞሪስ ዦሊ በ1864 ናፖሊዮን ሣልሳዊን ለመተቸት ከጻፈው፣ ስለ አይሁድ አንድም ነገር ከሌለው መጽሐፍ የተገለበጠ መሆኑን ገጽ ለገጽ እያነጻጸረ አጋለጠ። ተጋለጠ፤ ግን አልጠፋም። የሐማስ የ1988 ቻርተር በ32ኛው አንቀጹ ይህንኑ ሰነድ እንደ ማስረጃ ይጠቅሰዋል (ሐማስ በ2017 ባወጣው ሌላ ሰነድ ጠቡ ከጽዮናዊው ፕሮጀክት እንጂ አይሁዳውያን አይሁዳውያን በመሆናቸው አይደለም ብሏል)። በ2002 ረመዳን፣ ቤተሰብ ሁሉ ከኢፍጣር በኋላ ቴሌቪዥን ፊት በሚሰበሰብበት ሰዓት፣ የግብፅ ጣቢያዎች ከዚሁ ሰነድ የተቀዳ ተከታታይ ድራማ አሳዩ። እንዲህ ባለ አየር ውስጥ በ2010 መጨረሻ በሻርም ኤል ሼክ ባሕር ዳርቻ ሻርኮች ቱሪስቶችን ሲነክሱ፣ የደቡብ ሲና አስተዳዳሪ ሻርኩን የእስራኤሉ የስለላ ድርጅት ሞሳድ ለቆት ሊሆን ይችላል የሚለውን ጨርሶ ከግምት እንደማያወጡት ተናገሩ።

ታዲያ ዓለም ስለ አይሁዳውያን ምን ያስባል? በዚህ ላይ ከትልልቆቹ መጠይቆች አንዱ ፀረ ስም ማጥፋት ሊግ የተባለው የአሜሪካ አይሁዳውያን ድርጅት በ2014 ያወጣው ነው። በ102 አገሮችና ግዛቶች 53,100 አዋቂዎች ተጠየቁ። ለእያንዳንዱ 11 አባባሎች ይነበቡለታል፤ ከስድስት በላይ ወይም ስድስቱን «ምናልባት እውነት ነው» ካለ ፀረ አይሁድ ይባላል። ውጤቱ በዓለም 26 በመቶ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና ሰሜን አፍሪካ 74 በመቶ ሆነ። ጥናቱ የ2023ቱ የጋዛ ጦርነት ከጀመረ በኋላ ታድሶ በ2025 መጀመሪያ ሲወጣ የዓለሙ ቁጥር 46 ደርሶ ነበር።

ቁጥሩን ሳይመረምሩ መቀበል አይገባም። ከአባባሎቹ መካከል አይሁዳውያን ከሚኖሩበት አገር ይልቅ ለእስራኤል ይታመናሉ የሚል አለ፤ ስለ ናዚው እልቂት አሁንም አብዝተው ያወራሉ የሚልም አለ። ስለ አይሁዳውያን አስቦ የማያውቅ ሰው «ምናልባት እውነት ነው» ብሎ ጠያቂውን ሊያሰናብት ይችላል። ይህ ትችት ከአይሁዳውያን ምሁራንም ጭምር የቀረበ ነው። ከሁሉ የሚያስደምመው ግን ከዋናው ውጤት ጎን የተቀመጠው ቁጥር ነው፦ ከተጠየቁት 74 በመቶው በሕይወቱ አንድም አይሁዳዊ አግኝቶ አያውቅም። ከዚህ ተነሥቶ መድኃኒቱ መተዋወቅ ነው ማለት ይቀናል። ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ አይፈታም።

ፈረንሳይ ለምስክርነት ትቅረብ። በ2005ቱ የፒው ጥናት ከመቶ ፈረንሳውያን 82ቱ ስለ አይሁዳውያን ጥሩ አመለካከት ነበራቸው፤ ከአሜሪካው 77 እንኳ ይበልጣል። በዓመቱ በጃንዋሪ 2006፣ ኢላን ሐሊሚ የተባለ የሞባይል ሱቅ ሠራተኛ ወጣት በፓሪስ ተጠልፎ ለሦስት ሳምንት ከተሠቃየ በኋላ ሞተ። ጠላፊዎቹ የመረጡት አይሁዳዊ በመሆኑ ነው፤ አይሁዳዊ ደግሞ ገንዘብ አያጣም፣ እሱ ባይኖረው ወገኖቹ አዋጥተው ይከፍሉለታል ብለው ነበር። የሐሊሚ ቤተሰብ ሀብታም አልነበረም። በ2012 ቱሉዝ ውስጥ በአንድ የአይሁድ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሦስት ሕፃናትና አንድ መምህር ተገደሉ። እንግዲህ 82 በመቶ ጥሩ አመለካከት ምን ጠቀማቸው? ጠቅሟቸዋል ማለት ይቻላል፤ ገዳዮቹ መሸሸጊያ ሕዝብ አላገኙም፣ የሐሊሚን ገዳይም ፍርድ ቤቱ አልማረውም። ነገር ግን ጥይት የሚተኩሰው አማካይ ሕዝብ አይደለም። መጠይቅ የሚለካው መቶውን ሰው ነው፤ ሽብር የሚፈልገው ከመቶ ሺህ አንዱን ነው።

ያው አገር ሌላም ነገር አሳይቷል። በጃንዋሪ 9 ቀን 2015 ፓሪስ ውስጥ ኢፐር ካሼር የተባለ የአይሁድ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ሲታገት፣ ላሳና ባቲሊ የሚባል ከማሊ የመጣ ሙስሊም ሠራተኛ ምድር ቤት ነበር። ከላይ የሸሹ ደንበኞች ሲወርዱበት ወደ ቀዝቃዛው ክፍል አስገባቸው፤ ማቀዝቀዣውን አጠፋ፤ መብራቱን አጠፋ፤ ድምፅ እንዳታሰሙ አላቸው። እሱ በዕቃ መጫኛው አሳንሰር ሾልኮ ሲወጣ ፖሊሶች ከአጋቹ ወገን መስሏቸው በካቴና አሠሩት፤ ማንነቱን እስኪያጣሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ። ከዚያ በኋላ ነው የመደብሩን ውስጥ አሠራር ያስረዳቸው። አራት ሰዎች ተገድለዋል፤ ቀዝቃዛው ክፍል የነበሩት ዳኑ። ባቲሊ በዚያው ወር የፈረንሳይ ዜግነት ተሰጠው። ለአይሁዳውያን ያለው አመለካከት በመጠይቅ ምን ይሆን እንደነበር ማንም አልጠየቀውም፤ አብሯቸው ይሠራ ነበር፤ በቃ።

አሜሪካም ከፈረንሳይ አትለይም። ፒው በ2017 አሜሪካውያን ለየሃይማኖቱ ያላቸውን ስሜት እንደ ሙቀት መለኪያ በዲግሪ ሲያስመዝን ከሁሉ ከፍተኛውን 67 ያገኙት አይሁዳውያን ነበሩ። በኦክቶበር 2018 ፒትስበርግ ውስጥ ትሪ ኦፍ ላይፍ በተባለው ምኩራብ 11 ምዕመናን ተገደሉ። ገዳዩ ሀያስ የተባለውን፣ አፍሪካውያንን ጨምሮ ከየአገሩ የተሰደዱትን ያሰፍር የነበረውን የአይሁዳውያን ድርጅት ወራሪ የሚያስገባ ብሎ ይከስ ነበር። ሌላውን ስደተኛ ስለሚጠላ አይሁዳዊውን ገደለ። ከመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ከዚያ ከጥንቱ ተረት ጋር ግን ያገናኘዋል፦ የማይታየውን ገመድ የሚስቡት እነሱ ናቸው።

ወደ መተዋወቁ ጉዳይ ስንመለስ የራሳችን አገር ታሪክ ከማንም የበለጠ ያስተምራል። ነገሥታቱ ራሳቸውን ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ ያሰኙባት፣ ታቦትና ቅዳሜ የሚከበሩባት ኢትዮጵያ፣ በጎንደር፣ በስሜን፣ በወገራና በደምቢያ ይኖሩ ለነበሩት ቤተ እስራኤል መሬት በርስት አልሰጠችም። ርስት የተነፈገው ሕዝብ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸክላ ሠራ፣ ጥጥ ሸመነ። ገበሬው ማረሻና ማጭድ የሚገዛው ከእነሱ ነው። ባልቴቷ ምጣድና እንስራ የምትሸምተው ከእነሱ ነው። በየገበያው ቀን ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ በስም ይተዋወቃሉ።

ልጁ ሲታመም ግን ያው ገበሬ ቡዳ በላው ይላል። ለታመመው ጭስ ይታጠንለታል፣ ያለቅሳል፣ ይለፈልፋል። በዙሪያው ያሉት «ማነህ? ከየት በላኸው?» እያሉ ያፋጥጡታል፣ እሱም ስም ይጠራል። የሚጠራው ስም ብዙ ጊዜ ማረሻ የሚያበጀው ሰው ነው። ሌሊት ጅብ ሆኖ ይዞራል፣ መቃብር ይቆፍራል የሚባለው እሱ ነው። በሽታው ወባ ይሁን ኮሌራ፣ የሚጠራው ስም አልተለወጠም። እዚህ ላይ መተዋወቅ አልጎደለም፤ ከአማን በተቃራኒ ሰዎቹ እጅ ለእጅ ይቀባበሉ ነበር። የጎደለው እኩል መቆም ነበር፤ መሬት የሌለው፣ የሚሠራው የሚፈለግ ግን ሠሪው የሚፈራ ሰው ለማንኛውም መዓት ማብራሪያ ይሆናል።

ቤተ እስራኤል በ1984 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሆነው ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላስ? ቡዳ አብሯቸው አልተሳፈረም። በየሰፈሩ የቀሩ ሌሎች ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ተሸከሙት። የሄዱትም ቢሆኑ እዚያ በቀለማቸው ሌላ ስም አገኙ፤ በ1996 የለገሱት ደም ተደብቆ እንደሚደፋ ሲታወቅ በኢየሩሳሌም አደባባይ የፈላው ቁጣ ይታወሳል። አይሁዳዊ ሲባል ጋዜጣ ላይ ብቻ የሚያነብ ሕዝብ አይደለንም እንግዲህ። ዛሬ በአሽቀሎንና በቂርያት ጋት አማርኛ የሚናገሩ እናቶች አሉ።

ኦክቶበር 7 ቀን 2023 ሐማስ ደቡብ እስራኤልን ወርሮ 1,200 ያህል ሰው ሲገድልና 251 ሰው ሲያግት፣ ቀጥሎም እስራኤል በጋዛ ባካሄደችው ጦርነት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ፍልስጤማውያን ሲያልቁ፣ የኢትዮጵያ ማኅበራዊ ሚዲያም ተከፈለ። አንዱ ወገን እስራኤል ብትሳሳት እንኳ መጽሐፍ ቅዱስ የተሳሳተ ይመስል ይሟገታል፤ ሌላው ለጋዛ ሕፃናት ያለውን ሐዘን ይጀምርና አረፍተ ነገሩ ሳያልቅ «እነዚህ አይሁዶች» ይላል። በ2025 ፒው ከጠየቃቸው 24 አገሮች በ20ው ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሆነው ሕዝብ እስራኤልን በመጥፎ ዓይን ያያታል። ይህ ስለ አንድ መንግሥትና ስለ አንድ ጦርነት የተሰጠ ፍርድ ነው፤ ፀረ አይሁድ ነው ብሎ ማፈን ስሕተት ብቻ ሳይሆን ቃሉንም ያረክሰዋል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 2፣ በዮም ኪፑር ዕለት፣ ማንችስተር ውስጥ ምኩራብ ደጃፍ ላይ የሞቱት ሁለት ምዕመናን ግን የጦር ካቢኔ አባላት አልነበሩም። ለጸሎት የመጡ ነበሩ።

ስለዚህ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ስለ ሽብር መንሥኤ የሚለው ካለ፣ ሕዝቡ ምን እንደደረሰበት ይናገራል፤ ስለ አይሁዳውያን የሚለው ካለ፣ ሕዝቡ ምን እንደተነገረው ይናገራል። የተነገረው በጋዜጣ፣ በረመዳን ድራማ፣ በፓርቲ ቻርተርና በመማሪያ መጽሐፍ ከሆነ፣ የሚታረመውም እዚያው ነው እንጂ በአንድ ሰሞን የሰላም ኮንፈረንስ አይደለም። ሞሮኮ ይህን የገባት ይመስላል። በ2011 ሕገ መንግሥቷ መግቢያ ላይ የዕብራውያንን ቅርስ ከአገሪቱ ማንነት ምንጮች አንዱ አድርጋ ጻፈች፤ በ2020 መጨረሻ ደግሞ የሞሮኮ አይሁዳውያን ታሪክና ባህል በአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲገባ ወሰነች። ከእስራኤል ጋር ግንኙነት በምታድስበት ሰሞን የመጣ ውሳኔ ስለሆነ ፖለቲካ ነው የሚሉ አሉ፤ ሊሆንም ይችላል። መጠይቆች የሚያካትቱት 18 ዓመት የሞላውን ሰው ነውና፣ ያን ትምህርት የመጀመሪያ ሆነው የተማሩት ልጆች መልስ ገና በእነዚህ የአስተያየት ጥናቶች ውስጥ አልገባም።